በሸራ ላይ የተኛችው ሴት

ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርዱ፣ ከሰዓት አዳሹ ከሐዱሽ ሱቅ ጎን፣ አቶ እምሩ የሥዕልና የፎቶግራፍ ፍሬም የሚሠሩባት ጠባብ ክፍል አለች። የስንቱ ሙሽራ፣ የስንቱ ሟች ፎቶግራፍ በእጃቸው አልፏል። ሥራቸው አንድ ሕግ ነበረው፤ የመጣላቸውን ሥዕል ፍሬም ያለብሱታል እንጂ፣ በውስጡ ስላለው ሰው አይጠይቁም።

ይህን ሕግ ያፈረሰችባቸው ሰገን ናት። ቤተሰቧ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለውን ቤት ለቆ ሲወጣ፣ የሥዕል አስተማሪ የነበረው ሟች አባቷ በፍቃዱ የሠራውን አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕል ይዛ መጣች። ፍሬሙን ምስጥ ስለበላው አዲስ እንዲሠሩላት ለምና፣ በሳምንቱ እንደምትመለስ ነግራቸው ሄደች።

አቶ እምሩ ሚስማሩን ነቅለው ሸራውን ወደ ብርሃን አዞሩት። አንዲት ወጣት ሴት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ በጎኗ ተኝታለች። አፏ ገርበብ ብሏል። እስከ አገጯ ነጠላ ለብሳለች፤ እግሮቿ ግን ባዶ ናቸው። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት በጎረቤቷ ጣት ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። ያችን ጣት ከእናቷና ከእኔ በቀር ማንም ልብ ብሎ አያውቃትም ሲሉ ኖረዋል። የሚስታቸው የአዳነች ጣት ናት።

ሸራውን ገለበጡት። ፲፱፻፸፰ ይላል። ያን ዓመት እርሳቸው ለሥራ አሰብ ወደብ ሄደው አሥራ አንድ ወር ቆይተዋል። በፍቃዱ ደግሞ የያኔ ጎረቤታቸው ነበር፤ ድምፁ የማይሰማ፣ ለሰው መንገድ የሚለቅ ሰው። «ድሮውንም ዝምታው ደስ አይለኝም ነበር» አሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ ቀን በፊት ግን እንዲህ ብለው አያውቁም።

ሐዱሽ ብቅ ብሎ ከሥዕሉ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ሠዓሊ የጠገበውን አይስልም» አለ እየሳቀ። ሴቲቱ ማን እንደ ሆነች አላወቀም። ሣቁ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶባቸው ቀረ።

አራት ቀን ሸራውን ሲያነቡ ሰነበቱ። የአፏን መከፈት የእርካታ አደረጉት። የፍራሹን መጨማደድ የሁለት ሰው አደረጉት። በመስኮት የገባውን ብርሃን እንኳ የጧት ነው ብለው፣ እንግዲያማ አድሯል ሲሉ ፈረዱ። እቤት ሲገቡ የሚስታቸውን እግር እንደ ባዕድ ሰርቀው ያያሉ። ወይዘሮ አዳነች ጫማቸው ቆሽሾ እንደሆን ቢጠይቁ፣ ራሴን አሞኛል አሏቸው።

በአምስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሚስታቸውን ወደ ሱቁ ጠሩና ሸራውን የሸፈኑበትን ጨርቅ ገለጡ። ዓይናቸውን ከሥዕሉ ይልቅ በሚስታቸው ፊት ላይ ተከሉ፤ አንዲት ነገር እንዳታመልጣቸው።

ወይዘሮ አዳነች ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ወደ ሸራው አስጠግተው ሳይነኩት መለሱ።

«የእማዬ ሣልስት ነው።»

«ምኑ?»

«ነጠላውን እየው እንጂ፣ አንተ ሰው። ጥለቱ የት ነው ያለው?»

ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷን ከቧል፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። አርባ ዓመት ለቅሶ ሲደርሱ የኖሩ ሰው፣ ያን ሁሉ ሲያነቡ ይህችን አላነበቧትም። አማታቸው የሞቱት እርሳቸው አሰብ ሳሉ መሆኑን ያውቃሉ፤ የደረሱትም አርባው ካለፈ በኋላ ነው። ጥርጣሬ ግን ከዚያ ዓመት የሚፈልገውን ብቻ መርጦ አውጥቶ ነበር። ወይዘሮ አዳነች እንደ ነገሯቸው፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር አልቅሰው፣ ከለቀስተኛው መካከል ፍራሹ ላይ ባሉበት ወድቀዋል። ክፍሉ ውስጥ ከሃያ ሰው አያንስም ነበር። በፍቃዱም ሊያጽናኑ ከመጡት ጋር ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በኋላ ሌላውን ሁሉ ትቶ እርሳቸውን ብቻ በሸራ ማስቀረቱን ገና ዛሬ ማወቃቸው ነው።

«ሥዕሉ ከመጣ ስንት ቀኑ ነው?» አሉ ሚስታቸው።

«አምስት።»

«አምስት ቀን ሙሉ የሠራሁትን እየበላህ ጠረጠርከኝ።»

አቶ እምሩ ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሚስታቸው በርጩማ ስበው ከፊታቸው ተቀመጡ።

«ይቅርታው ይደርሳል። እኔ አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም፤ ዛሬ ልጠይቅህ። አሥራ አንድ ወር አሰብ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ። አቶ እምሩ አሥራ አንዱን ወር አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከሩ። ከመካከላቸው ግን የማይነገሩም ነበሩ።