ቅርቡ ኮሌጅ

አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክማ አብራው ትዞራለች። አንድ ቀን እሱ ተስፋ ቆርጦ የተወውን የውሃ ፓምፕ ፈታትታ፣ አጥባ፣ መልሳ ገጥማ አስነሳችው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሯ» ይላት ጀመር፤ የወጣላትን ስም የሚጠራ ጠፋ።

እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛውን የስፌት መኪናዋና የጨርቅ ክምሯ ይዘውታል፣ በጓዳው ሁለቱ እህትማማቾች አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ታናሺቱ አፏ ስለማያርፍ ድንቢጥ ይሏታል። ድንቢጥ የሚጥል በሽታ ነበረባት። መድኃኒቷን እየወሰደችም አልፎ አልፎ ሳይታሰብ ይጥላታል። ያን ጊዜ እናትየው እሪ ትላለች፣ አባትየው የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ኢንጂነሯ ብቻ በጎኗ አስተኝታ፣ ከጭንቅላቷ ሥር ጨርቅ አድርጋ፣ ነፍሷ እስክትመለስ አጠገቧ ቁጭ ትላለች።

ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ስትጨርስ ሁለት የካቶሊክ ኮሌጆች በነፃ ሊያስተምሯት ተቀበሏት። አንደኛው ደናግል የሚያስተዳድሩት የነርሶች ኮሌጅ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ስለሆነ በእግር ይደረሳል። ሰው «የሲስተሮቹ» ይለዋል። ሁለተኛው ካህናት ያቋቋሙት የምህንድስና ኮሌጅ ሲሆን በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። እሱን ደግሞ «የአባቶቹ» ይሉታል።

«ይሄ ምን ያነጋግራል?» አለ አባትየው ራት ላይ። «ልጅቷ የተፈጠረችው ለብረት ነው። ትሂዳ!»

«ስትሄድ ይቺን ማን ይይዛታል? አንተ?» አለች እናትየው። «ባለፈው ስትወድቅ በር ላይ ቆመህ ስታለቅስ አልነበር?»

አባትየው ጎንበስ ብሎ እንጀራውን መቁረስ ጀመረ።

«እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ ዘበኛ የሚቆምልኝ?» አለች ድንቢጥ። «ሂጂልኝ ባክሽ! አልጋው ላይ ለብቻዬ እንደ ንግሥት ልንደላቀቅበት።»

ከእናትየው በቀር ሁሉም ሳቁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኢንጂነሯ ቄሱን ጠብቃ የትኛው ኮሌጅ እንደሚሻላት ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ ሁለቱም ጋ ያለው መስቀል አንድ ነው። ጸልዪበት» አሏትና ወደሚጠብቋቸው ሰዎች ሄዱ።

«እኔ መቼ ስለ መስቀሉ ጠየቅኋቸው?» አለች መንገድ ላይ።

አባቷ ሳቀ። «ተያቸው። ነይ፣ ሄደን በዓይናችን እንየው።»

ሄዱ። የአባቶቹ ኮሌጅ ወርክሾፕ ሰፊና ብርሃናማ ነበር። ዘይት የጠጣ ሽርጥ ያደረጉ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ብረት የሚልጠውን ቶርኖ ማሽን አስነሱላትና «ነይ ያዢው፣ አይነክስሽም» አሏት። መያዣውን ቀስ አድርጋ ስታዞር ብረቱ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ወረደ። አባቷ ፊቷን አየ፤ ከዚያ አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ የገባበት ይመስል ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ እሷ ስታወራ እሱ ሲሰማ መንገዱ አለቀ።

በሩን የከፈተችላቸው እናትየው ናት። የልጇን መዳፍ ዘርግታ የተሰበረ ጥርስ አስቀመጠችበት። ድንቢጥ የስፌት መኪናው የብረት እግር ላይ ወድቃ ነበር። ከንፈሯ አብጦ አልጋው ላይ ተጋድማለች።

«ምን ያስደነግጥሻል?» አለች ድንቢጥ እየተኮላተፈች። «ይልቅ አሁን ማፏጨት እችላለሁ።»

ኢንጂነሯ ጥርሱን እንደጨበጠች «የሲስተሮቹ ጋ እገባለሁ» አለች። እናቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት። አባቷ ግቢ ወጣና ምንም ያልሆነውን ቧንቧ ሲፈታና ሲያጠብቅ አመሸ።

ትምህርቱን አልወደደችውም፤ ቢሆንም አልሰነፈችም። ክፍል ውስጥ ሆና ልቧ ቤት ነው፤ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ከሁሉም ቀድማ ድልድዩን የምትሻገረው እሷ ናት። እንዲህ እያለች ሁለተኛውን ዓመት ጀመረች። አንድ ቀን ጠዋት፣ ስለ አጥንቶች እየተማሩ ሳለ፣ ዘበኛው የክፍሉን በር አንኳኳ። «ቤትሽ በአስቸኳይ ይፈልጉሻል» አላት።

ደብተሯን ጥላ ሮጠች። እናቷ የተሰፋ ዩኒፎርም ልታስረክብ ወጥታ ነበር። ድንቢጥ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ልብስ ስታጥብ በሽታው ጣላትና በፊቷ ሳፋው ውስጥ ተደፋች። ጎረቤትየዋ አይታ እስክታወጣት ጊዜው አልፎ ነበር። ውሃው ሕፃን ተቀምጦ የሚንቦጫረቅበት ያህል እንኳ ጥልቀት አልነበረውም። ኢንጂነሯ መሬት ላይ ተንበርክካ የተማረችውን ሁሉ አደረገች። ደረቷን ተጫነች፣ ትንፋሽ ሰጠች፣ እንደገና ተጫነች። በመጨረሻ ጎረቤትየዋ ሁለት እጇን ይዛ «ይበቃል የኔ ልጅ፣ ሄዳለች» አለቻት።

ለቅሶ ላይ እናትየው ቤት ሙሉ ሰው ፊት ዞር ብላ አየቻትና «ላትደርሺላት ነው የቀረሽው?» አለቻት።

አባትየው ብቻ ከተቀመጠበት ተነስቶ ልጁ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ሳምንት ሳይሞላው ለማንም ሳይናገር አውቶቡስ ተሳፍሮ የአባቶቹ ኮሌጅ ሄደ። ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ «ቦታሽን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ግን ሰጥተውታል» አላት።

የሲስተሮቹ ኮሌጅ ኃላፊ ልጅቷን ሊያጽናኑ ቤቷ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ...» ብለው ሲጀምሩ ኢንጂነሯ አቋረጠቻቸው።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ ይሄን አይበሉኝ።»

ሲስተር ሳይቆጡም ሳይሄዱም አጠገቧ ተቀምጠው ዋሉ። ወደ ክፍል የተመለሰችው ሌላ መሄጃ ስላልነበራት ነው።

ተመርቃ ሆስፒታል ገባች። እጇ ሲወጋ አያሳምም ይላሉ በሽተኞቹ፤ ፊቷ ግን አይፈታም። አባቷ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳንባውን ታሞ እሷ በምትሠራበት ዋርድ ተኝቶ አረፈ። ቤቱ ለእናትና ለልጅ ቀረ። ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊ፣ ደህና እደሪ ይባባላሉ። ያቺ በለቅሶው ቀን የተነገረች ነገር ግን በመካከላቸው እንደተጋረጠች ኖረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናትየው የልጇን ነጭ ጋዋን ስትተኩስ እጇ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አለች፣ ዓይኗን ከጋዋኑ ሳታነሳ።

ልጅቷ «ኧረ ተይው እማዬ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለች። «እኔም እሺ ብያለሁ።»

እናትየው አለቀሰች፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ልጅቷ ተነስታ ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳችና አጠገቧ ተቀመጠች። አላቀፈቻትም፣ ግን አልሄደችም። በኋላ እናትየው በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ «ነገ የሌሊት ተረኛ ነሽ?» ብላ ጠየቀች።

«የቀን ነኝ። ከሥራ በኋላ እንውጣና ትንሽ እንሂድ?»

«እግሬን ያመኛል እኮ» አለች እናትየው። እግሯን እያሻሸችም «እሺ፣ ቀስ እያልን ከሆነ» አለች።