ሙሽራው የሚጠይቀው ጉልበት

በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ለትከሻዬ መታሸት ወረፋ ስጠብቅ፣ ፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ የታመመ ጉልበታቸውን ያለማምዱ ነበር። ሱሪያቸው በደንብ የተተኮሰ ነው፤ ኮሌታቸው ስር ክር ያለው መርፌ ተሰክቷል። እግራቸው የመለማመጃውን ተወዛዋዥ ሳንቃ ሲረግጥ፣ እጆቻቸው የሌለ ጨርቅ ወደፊት ይገፋሉ።

«አባባ፣ እጅዎን ያሳርፉ እንጂ!» አለቻቸው ባለሙያዋ እየሳቀች።

«እግሬ ብቻውን መች ይሠራል ልጄ! የልጅ ልጄ የሠርግ ቀሚስ ተቆርጦ ተቀምጧል። ‹አያቴ ካልሰፋው አላገባም› ብላለች። ሙሽራው በየማለዳው እየደወለ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቴ ነው፤ እኔንማ ረስቶኛል።»

ጉልበታቸው ቋ አለ። ፊታቸውን አጨማደዱና መልሰው ረገጡ።

ባለሙያዋ ጉልበታቸውን አጥፋ ዘረጋችው። «ጎሽ አባባ! ከነገ ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ስፌት መኪናዎ መመለስ ይችላሉ።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉና የዚያን የማይታይ ጨርቅ ክር በጥርሳቸው በጠሱት።