ንቅሳት አስለቃቂው ፋንታሁን

ሰቆጣ ገብታችሁ ስለ ፋንታሁን ብትጠይቁ ሰዉ ይስቃል። ጨዋታ አዋቂ ነበር ይላችኋል፤ ምላሱ ቅቤ ነበር ይላችኋል። እኔ ሐሊሜ ግን አልስቅም። የጨርቅ ሱቄ ገበያው ዳር ነው፤ ያ ሰውዬ በርጩማውን አስቀምጦ የሰው ልጅ ግንባር ሲያቃጥል የኖረው ከደጄ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ የሱን ነገር ከኔ ስሙ፣ ከሳቂዎቹ አትስሙ።

ትውልዱ ከዚሁ ከኛው አካባቢ፣ ከዝቋላ በኩል ነው። ልጅነቱን አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። እኔ ሳውቀው ወልድያ ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ እያለ የሚጎርር ሰው ነበር። አብሮት የነበረ ሹፌር እንደነገረኝ ግን ጋራዡ ውስጥ የሱ ሥራ ባትሪ ውስጥ አሲድ መጨመር ብቻ ነበር፤ ቡሎን እንኳ ፈትቶ አያውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ከጋራዡ ሲያባርሩት መጀመሪያ የትኋን መድኃኒት ይዞ መጣ። የከተማው ትኋን ወፈረ። ቀጥሎ የጥርስ ትል አውጪ ሆነ። የሆነ ፍሬ ፍም ላይ ይበትንና የታማሚውን አፍ በጭሱ ያጥነዋል፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ ነጫጭ ነገር እያሳየ ይኸው ትሉ ወጣልህ ይላል። ነጩ ነገር ፍሬው ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ነው፤ ግን ጥርሱ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው ምኑን ያስተውላል። ከፍሎ፣ መርቆት ይሄዳል።

ከዚያ ነው ወደ ንቅሳት የዞረው። በኛ አገር የክርስቲያን ልጅ በልጅነቷ ግንባሯ ላይ መስቀል ትነቀሳለች። እናቷ ለነቃሿ ትሰጣታለች፣ ነቃሿ ጥላሸቱን በመርፌ ትወጋዋለች፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ያልፋል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም ነበር፤ የዓረብ አገር ጉዞ እስኪመጣ ድረስ። ዝናቡ ሲቀር፣ ማሽላው ሲከዳ፣ ወጣቱ ሁሉ ልቡ ባሕር ማዶ ሲሄድ፣ ደላሎች መጡና ግንባሯ ላይ መስቀል ያለባት ልጅ ፎቶዋም አይላክ አሉ። ይኼኔ ፋንታሁን እንጀራውን አገኘ።

ዕቃው ምልክቱ የተፋቀ ብልቃጥና አንድ የክብሪት እንጨት ነው። ፈሳሹ ከጀርመን ነው የመጣው ይላል። ልጅቷን በርጩማው ላይ ያስቀምጣታል፤ ሚስቱ የትናየት ከኋላ ቆማ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ትይዛለች። የትናየት መልከ መልካም ነች፤ አንገቷ ከአገጯ ሥር ጀምሮ ዙሩን የተነቀሰ ነው፣ እጀ ወርቅ የሆነች ነቃሽ የሠራችው። ድምፅዋም ለስላሳ ነው። «አይዞሽ፣ እንደ ውሃ ነው የሚቀዘቅዘው» ትላለች። ፋንታሁን እንጨቱን ነክሮ የመስቀሉን መስመር እየተከተለ ይቀባል። ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፣ ቀለሙን ብቻ ይበላል፣ ቆዳ አይነካም እያለ ይደሰኩራል።

እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ፊት ለፊት ጠየቅኩት፤ ቀለሙ ያለው ቆዳው ሥር ነው፣ ታዲያ ቆዳውን ሳይበላ በየት በኩል ይደርስበታል፣ በር አለው እንዴ አልኩት። ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ሐይደር ቴሌ አስጠርቶ በስልክ ሲያናግረኝ ይህንኑ ነገር አነሳሁበት። ሌዘር የሚባል የጨረር መሣሪያ አለ፣ እሱም በሐኪም እጅ፣ ተመላልሰው፣ ቀስ በቀስ ነው፤ ገበያ ላይ የሚቀባው ሁሉ ቆዳ መላጥ ነው አለኝ። ሄጄ ለፋንታሁን ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የኔም ፈሳሽ ጨረር ነው አለኝ። ፈሳሽ ጨረር! ዙሪያውን የቆመው ሰው ደግሞ እንዴት ያለ የተማረ ሰው ነው በሚል ዓይን ያየዋል።

የጎረቤቴ የአመተ ሥላሴ ትልቋ ልጅ ውባንቺ ያቺን በርጩማ የተቀመጠችው በ1993 ዓ.ም. ነው። እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ጩኸቷን ከሱቄ ውስጥ ሰማሁት። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ፊቷ አበጠ፣ ጤና ጣቢያ ተመላለሰች። ሲድን ምን ሆነ መሰላችሁ? መስቀሉ እዚያው አለ። መስመሩን ተከትሎ ነዋ ያቃጠለው! ድሮ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ የነበረው፣ አሁን ያበጠ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚታይ የጠባሳ መስቀል ሆነ። ደላላው አንዴ አይቷት ፊቱን አዞረ።

ፋንታሁን ጋ ሄዳ ብታለቅስ ታጥበሽዋል አላት። ሌላዋን ፀሐይ መትቶሽ ነው ይላታል፤ ሌላዋን በርበሬ በልተሽ ነው ይላታል። ጥፋቱ አንድ ቀን የብልቃጡ ሆኖ አያውቅም፣ ሁሌ የልጅቷ ነው። እኔን ያናደደኝ የሱ ውሸት አይደለም፤ ውሸታም ምን ያደርጋል፣ ይዋሻል። ውባንቺ ራሷ አምናው «ቶሎ ታጠብኩት እኮ፣ እትዬ ሐሊሜ» ስትለኝ ነው አንጀቴ ያረረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ ሳትስብ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ሁለት ክረምት አለፈ። የቤቱ ተስፋ ወደ ታናሿ ወደ ፀደይ ዞረ። አባት የለ፣ ወንድም የለ፣ ያለችው እሷ ናት። ፀደይም ግንባሯ ላይ ያቺው መስቀል አለችባት። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ ፋንታሁን ጋ ልትሄድ መሆኗን ነገረችኝ። የእህትሽን ፊት አላየሽም ወይ አልኳት። አይታዋለች። ግን እሷ አትታጠበውም፤ እስኪደርቅ ውሃ የሚባል አታስነካውም፤ ፀሐይም አትወጣም፣ በርበሬም አትቀምስም። ሁሉንም አጥንታዋለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ደግሞስ ምን ታድርግ? እኔ ሌላ መንገድ አላሳየኋት።

በገበያው ቀን በርጩማው ላይ ተቀምጣ አየኋት። ግንባሯን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች፣ የትናየት ጭንቅላቷን ይዛለች፣ ፋንታሁን እንጨቱን እየነከረ ነው። ሱቄን ክፍቱን ትቼ ወጣሁ። ውባንቺም ከጨው ተራ በኩል እየሮጠች መጣች። እጁን ያዝኩትና፣

«ፋንታሁን፣ መጀመሪያ የሚስትህን አንገት አስለቅቅልኝ» አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ የሚስቴን ውበት ለምን አጠፋለሁ፣ እትዬ ሐሊሜ ደግሞ ቀልድ ያውቃሉ አለ። ሁሉንም አላልኩህም አልኩት። ከጆሮዋ ሥር፣ ሻሽ የሚሸፍናትን አንዲት ነጥብ ብቻ። ካስለቀቅክ ብልቃጥህን ሱቄ ውስጥ ደርድሬ ራሴ እሸጥልሃለሁ አልኩት። ይኼን ጊዜ ሳቁ ቀረ። ያን ሁሉ ዘመን ያንን አንገት ስናይ ኖረን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ እኔንም ጨምሮ፣ ይህ ሁሉ አፍ እያለኝ። አሁን ሁሉም አንገቷ ላይ አፈጠጠ።

ከዚያ ያ ሰው፣ ሰው ከተባለ፣ እንጨቱን እንደያዘ ወደ ሚስቱ ዞረ። በኽምጥኛ ትንሽ ቻይው፣ ማታ ቅቤ እቀባልሻለሁ አላት፤ ገበያተኛው ግማሹ ኽምጥኛ ተናጋሪ መሆኑ ጠፍቶት። የትናየት የፀደይን ጭንቅላት ለቃ ወደ ኋላ ሸሸች። አንገቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መልሷ በአማርኛ ነበር፣ ሁሉም ሰማው።

«እኔንማ እንዳትነካኝ፣ ያቃጥላል።»

ውባንቺ ሰዉን ገፍታ የትናየት ፊት ቆመች። አልጮኸችም። «እንደ ውሃ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ» አለቻት። ውባንቺ ብልቃጡን አንስታ እመሬት ላይ ገለበጠችው፤ ድንጋዩ ላይ አረፋ ደፍቆ ጤሰ። ፀደይ አረፋውን እያየች ከበርጩማው ተነሳች። ግንባሯ ደረቅ ነበር።

ፋንታሁን ዕቃውን ጠቅልሎ ሚስቴ ፈሪ ናት እያለ ሄደ። ተማረ ብላችሁ እንዳታስቡ። በሌላ ገበያ ብልቃጡን ይዞ እንደታየ ሰማሁ። የተለወጠ ነገር ቢኖር የትናየት አሁን በዚያ ሁሉ ሙቀት አንገቷን በወፍራም ሻሽ ጠምጥማ ነው አሉ ከኋላው የምትቆመው።

ፀደይ መስቀሏን እንደያዘች አዲስ አበባ ገባች፣ ሌላ ደላላ አገኘች፣ ቤሩት ሄደች። በ1997 ዓ.ም. ሱቄ ስልክ ገብቶ ስለነበር አንድ ቀን ደወለች። ውባንቺን አስጠራሁ፤ ጆሯችንን አጋጥመን አደመጥን። ፀደይ የምትጦራቸው አሮጊት ክርስቲያን ናቸው። ከብዙ ልጆች ፎቶ መካከል እሷን የመረጧት ግንባሯ ላይ መስቀሉን አይተው ነው። መስቀል ያለባት ልጅ አምጡልኝ ብለው ነበር አለችን፣ እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ደላላውንም ፋንታሁንንም አንድ ላይ ረገምኩ። ውባንቺ እህቷን እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት፣ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠች። ከመደርደሪያው ላይ የምሸጠውን ትንሽ መስታወት አነሳች። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ፊት ያላነሳችውን ሻሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯን አየች።

«የኔ እኮ ከሷ የበለጠ ይታያል፣ እትዬ ሐሊሜ» አለችኝ።

ሻሿን መለሰች፣ መስታወቱን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ቦታው አስቀመጠችልኝ፣ ወደ ቤቷ ሄደች።