እናቴን ጨው የከለከልኩበት ሁዳዴ

አባቴ ቄስ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እናቴ አንኮበር እኔ ዘንድ ትኖራለች። እኔ ነርስ ነኝ፤ ይህን የምናገረው ልኮራበት ሳይሆን ጥፋቴን ስለሚያከብደው ነው። ያልተማረ ሰው ሳያይ ቢቀር ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን ለማየት ተምሬ፣ በገዛ ቤቴ ዓይኔ ስር ያለውን ሳላይ ከረምኩ።

ነገሩ የጀመረው ከጾሙ በፊት ነው። እናቴ ከሳች፣ ድካም ድካም ይላት ጀመር። ሁዳዴ ሲገባ ባሰባት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና ሁለት ጉርሻ ጎርሳ "በቃኝ" ትላለች። ጎረቤቶቻችን "እንዲህ ነው እንጂ መጾም! ሥጋዋን እኮ ጨረሰችው" እያሉ ያደንቁልኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እኮራ ነበር። ፊቷ ሲጠቁር የበጋ ፀሐይ ነው አልኩ። ድዷ ሲጠቁር ደግሞ ሳቅሁባት። በእኛ አገር የእሷ እኩዮች በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ እሷ ግን መርፌውን ፈርታ የቀረች ናት።

"እማዬ፣ በስተርጅና ማን ነቀሰሽ? ልትዳሪ ነው እንዴ?" አልኳት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የጨው ነገር ነበር። "ይሄ ሽሮ ጨው የለውም" ትላለች፤ እጨምራለሁ። "አሁንም አልጣመኝም" ትላለች። ሙያዬን የናቀችብኝ መሰለኝ። ቆይቶ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ያዞራት ጀመር፤ ግድግዳ ይዛ ነው የምትቆመው። እኔም ወዲያው ፈረድኩ። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ያዞራታል፣ ጨው ትወዳለች፤ በቃ ደም ብዛት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው ከለከልኳት። የሰው ሁሉ ክንድ ላይ ሳስር የምውለውን የግፊት መለኪያ እናቴ ክንድ ላይ አንድ ቀን እንኳ አላሰርኩትም። ለምን? አውቃለሁ ብዬ ነዋ!

አንድ ቀን መቀነቷን ላጥብላት ስፈታው ጫፉ ላይ ጨው ተቋጥሮ አገኘሁ። እንደ ሕፃን ተቆጣኋት።

"ሞትሽን ነው እንዴ የምትቋጥሪው?"

"እንጃ ልጄ፣ አምሮኝ ነው" አለች አንገቷን ደፍታ። ጨውን ወስጄ ደጅ ደፋሁት።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትሰግድ ወደቀች፤ መነሳትም አቃታት። ሴቶቹ "ጾሙ ነው፣ ውኃ አምጡ" ይላሉ። እጇን ስይዘው በረዶ ሆኗል፤ የደም ሥሯ ምት ለጣቴ አልገኝ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። በአምቡላንስ ደብረ ብርሃን አደረስናት።

የተቀበለችን ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ግፊቷን ለክታ፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ ካስጀመረችላት በኋላ መዳፏን ገልብጣ አየች። መስመሮቹ በከሰል የተሰመሩ ይመስላሉ። በየማዕዱ ሳስታጥባት ውኃ የማፈስበት መዳፍ ነው፤ አላየሁትም። ሐኪሟ ድዷንም አየችና ዝቅ ብላ ጠየቀቻት።

"እማማ፣ ጨው ያምርዎታል?"

መቆሚያ ጠፋኝ።

ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ሥራ ሲያቆሙ ሰውነት ጨው መያዝ ያቅተዋል። ሰውየው ይከሳል፣ ይጠቁራል፣ ግፊቱ ወርዶ ሲቆም ያዞረዋል፣ ጨው ያምረዋል። ይህን ትምህርት ቤት አንብቤ ተፈትኜበታለሁ። ሐኪሟ ልታጽናናኝ ብላ "ይሄ በሽታ ስንቱን ሐኪም አሳስቷል፣ ሲስተር" አለችኝ። አልተጽናናሁም። እኔን በሽታው አላሳሳተኝም፤ እናቴ የጎደላትን በገዛ አፏ ስትነግረኝ ነው የከረመችው። እኔ ነኝ የምትለምነኝን ከእጇ የነጠቅኳት።

ፋሲካን እዚያው ሆስፒታል ዋልን። ከቀናት በኋላ መድኃኒቱ ሠርቶላት ቀና ብላ መቀመጥ ቻለች። ሐኪሟ ክኒኑን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ አስጠንቅቃ "ጨውም እንዳማረዎት ይብሉ" አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ትፈቅጂልኛለሽ?" አለችኝ።