ሄደ፣ መጣ

ልብስ ሰፊዋ መብራት ሲጠፋ ቃል አታባክንም። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሄደ» ትላለች፤ ሲመለስ ደግሞ «መጣ!»። ማን እንደሄደ፣ ማን እንደመጣ መናገር ለምን ያስፈልጋል? የማያውቅ የለም።

ከጎኗ ያለውን ክፍል በቅርቡ የተከራየው ጫማ ሰፊም ቃሉ ጠፍቶት አልነበረም። ግን በወስፌና በመዶሻ፣ በራፉ ላይ በፀሐይ ብርሃን ስለሚሠራ መብራት ኖረ አልኖረ ትዝም አይለውም። ሚስቱ የሞተችበት፣ ለብቻው የሚኖር ሰው ነው። በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ደግሞ ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርም።

«ሄደ እንግዲህ! ሥራ ሲበዛብኝ ጠብቆ ነው ጥሎኝ የሚሄደው» ስትል ሰማት አንድ ቀን።

«አንቺም ሌላ ፈልጊያ!» አለቻት ደንበኛዋ።

«ሌላማ ሞክሬ ነበር። ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ሲጮኽ ጎረቤት ይረብሻል። ወደ መጣበት መለስኩት።»

ጫማ ሰፊው ሚስማሩን በንዴት መታ። እንዲህ ላለች ትጉህ ሴት፣ አንዱ ጥሏት የሚዞር፣ ሌላው ሰካራም!

አንድ ከሰዓት በኋላ «መጣ! እሰይ፣ መጣልኝ!» ስትል ሲሰማ ትዕግሥቱ አለቀ። ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ መዶሻውን እንደያዘ ሰተት ብሎ ገባ።

«እህቴ፣ ምን ጥልቅ አደረገህ አይበሉኝ። የት አለ?»

«ማን?»

«ሲያሻው የሚሄድ፣ ሲያሻው የሚመጣው ሰውዬ! አንድ ነገር ልንገረው!»

ሴትየዋ መዶሻውን አየች፤ ሰውየውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። አምፖሉ ቦግ ብሏል።

«ያውልዎት። ይንገሩት።»

«እና… ያ የሚጠጣው?»

«ጄኔሬተሩ? ለባለቤቱ መለስኩታ!»

ጫማ ሰፊው መግቢያ ቀዳዳ ጠፋው። እሷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ ወንበር ሳበችለት። «ይቀመጡ እንጂ! ባልም የለኝ፤ ለኔ ብሎ መዶሻ ያነሳ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ተቀመጠ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ የስፌት መኪናዋን ይመረምር ጀመር። «ይሄ እኮ በእግርም ይሠራል» አለ። በማግስቱ አሮጌ ፔዳል ከየትም ፈልጎ አመጣ፤ ከጠንካራ ቆዳ መዘውሩን የሚያዞር ቺንጋ ቆርጦ ገጠመላት። መኪናው መብራት ሳይጠብቅ መስፋት ጀመረ። ቺንጋው ግን በየሳምንቱ «ላላ» እየተባለ ማጥበቂያ ይዞ መምጣት አስፈለገው። ላልቶ እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» የመጣውም በዚያው ሰበብ ነው።

ተጋቡ። ለሠርጓ ቀሚሷን ራሷ ሰፋች፤ ጫማዋን እሱ ሠራላት። በደስታ ብዛት አንዱን ተረከዝ አሳጥሮት ኖሮ፣ ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ እየሳቀች ክንዱን ተደግፋ ዋለች።