የሦስተኛው ገንዳ መብራት

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም በደንብ አላውቀውም። በአንድ ግቢ እየኖሩ እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ግን እሱ ከሥራ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ስለ እሱ መጻፍ የነበረበት ሌላ ሰው ይመስለኛል።

ሥራው ዓሣ እርባታ ውስጥ መብራት መጠበቅ ነው። «ጋሼ አምፖል» ይሉታል። ሌሊቱ ሲረዝም ዓሦች የመራቢያ ጊዜያቸው የደረሰ ይመስላቸዋል፤ ያኔ የሚበሉት መኖ ሥጋ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ይሆናል። ስለዚህ ከገንዳዎቹ በላይ መብራት ሲበራ ያድራል፤ ዓሦቹም ጨለማ ሳያዩ፣ ልጅ እንደሆኑ ይወፍራሉ። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ «ወንድሜ እስካሁን አልገባም፤ ሹራቡንም ረስቶ ሄዷል፣ አድርስለት» አለችኝ። ስደርስ ሁሉም ሦስተኛውን ገንዳ ከበው ቆመዋል። ሥራ አስኪያጇ የአንዷን ዓሣ ሆድ ሰንጥቃዋለች፤ እንቁላል ብቻ ነው።

«ጋሼ አምፖል፣ ልጆችህ ሳያማክሩህ ለአቅመ ሔዋን ደረሱልህ» አለ መኖ በታኙ።

«አንተ ደግሞ አፍህ አያርፍም» አለው የባለቤቴ ወንድም።

መብራቱን አጠፉት፣ አበሩት፤ ደህና ይሠራል። ውሃው አንድ፣ መኖው አንድ፣ የሌሎቹ ገንዳዎች ዓሦች ምንም አልሆኑም። ሁላችንም ግራ ገባን።

«ጋሼ ‹ዓሦቹ የዓይን ቆብ የላቸው፣ መብራት በርቶ መቼ ይተኙ?› ይል ነበር» አለ መኖ በታኙ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ጋሼ ዞረች። እንደምታዝንለት ፊቷ ያስታውቃል፤ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው።

«ጋሼ፣ ከላይ ያሉት መብራቱን ያጠፋ ሰው ካለ ይሰናበት ብለዋል። ‹አላጠፋሁም› ይበሉኝና የአምፖሉ ችግር ነው ብዬ ልዝጋው። አጥፍተውት ነበር?»

አንዲት ቃል ናት። በሆዴ «በል እንጂ» አልኩት። እሱ ሹራቡን ከእጄ ተቀብሎ፣ ቀስ ብሎ ይለብሳል። ካላጠፋ ለምን አይናገርም? አጥፍቶስ ከሆነ አንድ ጊዜ ቢዋሽ ምን አለበት? ደግሞ ለምን ያንን ገንዳ ብቻ? አዝኖላቸው ይሆን? ወይስ የሌላ ሰው ጥፋት እየሸፈነ ነው? ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ አንዱንም መገመት አልቻልኩም።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አጥፍተውት ነበር?»

«እሱን አልመልስልሽም፣ ልጄ» አላት።