ነቁ ያልኩበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ሠርግ ተጠርቼ ሳለ፣ መድረክ መሪው ሙሽራዋን በታላቅ እህቷ ስም ጠራትና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅኩም። የአፍ ወለምታ ስሰማ የራሴ ትዝ ይለኛል።

በኮሮና ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ። ከሆሳዕና ከተማ ደቡብ አፍሪካ እንደመጣሁ የተቀጠርኩት ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ ቻይናውያን ባልና ሚስት ዘንድ ነው። ባልየውን እኛ ሠራተኞቹ ጋሽ ቼን እንላቸው ነበር። ሚስታቸውን በቋንቋቸው «አዪ» እላታለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። አዪ ከደንበኞች ለንግድ የሚበቃ የዙሉ ቋንቋ ለቃቅማለች፤ እንግሊዝኛ ግን በአጠገቧ አላለፈም።

እኔ ማንዳሪን የለመድኩት ካርቶን ስሸከም ነው። የሚያስቸግረኝ ቃሉ ሳይሆን ዜማው ነበር። «ሺንግ» ድምፁ ሽቅብ ከወጣ «ደህና» ነው፤ «ቡ» ከቀደመውና «ለ» ከተከተለው ደግሞ «አበቃለት» ይሆናል። ያው «ሺንግ» ዝቅ ብሎ ከተነሣ «ነቃ» ማለት ነው። ስሳሳት አዪ ዘፈኑን አበላሸኸው እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ጋሽ ቼን በኮሮና ሆስፒታል ገቡ፤ ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ። ጠያቂ አይገባም። በየቀኑ ስልክ እደውላለሁ፤ ነርሷ የነገረችኝን ለአዪ እተረጉማለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ፣ አዪ ለሩዝ ሾርባዋ ዝንጅብል ስትልጥ፣ ነርሷ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አልነቁም። የሚተርፉ አይመስለንም። ባለቤታቸው መሰናበት ከፈለጉ፣ አሁን ስልኩን ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ።»

ወደ አዪ ዞርኩ። «አልነቁም» እና «አበቃላቸው» ሁለቱም በዚያች «ሺንግ» በምትባል ቃል የሚነገሩ ናቸው። አፌ ላይ ተጋፉና የአሉታዋ ቃል መሃል ላይ ወድቃ ቀረች፤ ዜማውም ዝቅ ብሎ ተነሣ።

«ታ ሺንግ ለ» አልኩ። ነቁ። ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች ብዬም ጨመርኩ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ይረፍ፣ አታድክሙት በላት። ነገ አናግረዋለሁ።»

ስህተቴን ያወቅኩት ወዲያው ነው። ነርሷ መስመር ላይ እየጠበቀች ነበር። ተሳሳትኩ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን አዪ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ነበርና አቃተኝ። ለነርሷ ቆይተን እንደውላለን ብዬ ዘጋሁ። ትንሽ ደስ ይበላት፣ ከሰዓት በኋላ እነግራታለሁ አልኩ ለራሴ። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ቀድሞኝ ደወለ። መሞታቸውን ስነግራት ዜማው አልጠፋኝም።

አንድ የቋንቋ መምህር ወዳጄ፣ ተመሳሳይ ድምፆች ሲጎራበቱ ተራዋን የምትጠብቀው ቃል ቀድማ ትወጣለች፣ ሰው ሲደክመው ደግሞ ይብሳል፣ ቻይናዎቹ ራሳቸው ይሳሳታሉ አለኝ። ይሁን። ምላሴን ይቅር እለው ይሆናል። ዝም ያልኩበትን ግን በምን ላሳብበው?

አዪ ዛሬም ሱቋ ውስጥ ናት። ትናንት ጎራ ብዬ ነበር፤ ሻይ ቀዳችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ነቅቶ ድምፄን ሲጠብቅ ይረፍ ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ትለኛለች። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ።